ካርቶኑ ላይ 27 ኢንች፣ 165 ኸርዝ፣ 1 ሚሊሰከንድ፣ ኤችዲአር ይላል፤ ልግዛው?

ጥያቄ፦ «የምማረው ኮምቦልቻ፣ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ነው። ኮምፒውተሬ ራይዘን 5 3600፣ 16 ጊጋ ራም፣ ጂቲኤክስ 1660 ሱፐር ነው። ደሴ ፒያሳ አንድ ሱቅ ውስጥ ጌሚንግ ሞኒተር አየሁ። ካርቶኑ ላይ 27 ኢንች፣ ፉል ኤችዲ፣ ከርቭድ 1500አር፣ ቪኤ ፓነል፣ 165 ኸርዝ፣ 1 ሚሊሰከንድ ኤምፒአርቲ፣ ኤችዲአር10፣ ፍሪሲንክ ይላል። ቀን አውቶካድ እሠራበታለሁ፣ ማታ ቫሎራንትና ካውንተር ስትራይክ እጫወታለሁ። ታናሽ ወንድሜም ፒኤስ5 ይሰካበታል። ልግዛው? ካልሆነስ ምን ልፈልግ?»

ምላሽ፦

ወንድሜ፣ ዕቃው ለሌላ ሰው ይሆን ይሆናል፤ ላንተ ግን አይስማማም፣ ተወው። ባለህ የግራፊክስ ካርድ የምትቀጥል ከሆነ 24 ኢንች (ትክክለኛ ልኩ ብዙ ጊዜ 23.8 ነው) ፉል ኤችዲ፣ አይፒኤስ ፓነል (ፓነል ምስሉን የሚያሳየው የስክሪን ክፍል ነው)፣ ከ144 እስከ 180 ኸርዝ (ስክሪኑ በሰከንድ ምስሉን የሚያድስበት ብዛት) ያለውን ፈልግ። በዚህ ዓመት ውስጥ ካርዱን መቀየርህ እርግጥ ከሆነ ደግሞ 27 ኢንች ሆኖ 2560 በ1440 አይፒኤስ ውሰድ። 27 ኢንች ላይ ፉል ኤችዲ የሚባለውን ነገር ግን እንዳንተ በአውቶካድ የምሕንድስና ሥዕል የሚሠራ ሰው መራቅ አለበት።

ምክንያቱ ቀላል ሒሳብ ነው። ፉል ኤችዲ ማለት 1920 በ1080 ፒክሰል ነው። ስክሪኑ ቢሰፋም ብዛቱ ያው ስለሆነ እያንዳንዱ ፒክሰል ይተልቃል። 23.8 ኢንች ላይ በአንድ ኢንች ውስጥ 92 ገደማ ፒክሰል ይገባል፤ 27 ላይ ወደ 82 ይወርዳል፤ 27 ኢንች ባለ 1440 ላይ 109 ይደርሳል። አልጋ ላይ ተጋድሞ የኳስ ጌም ለሚጫወት ሰው 82 ምንም አይለውም። አንተ ግን ከ60 እስከ 70 ሳንቲሜትር ርቀት ላይ ቀጭን መስመርና የልኬት ቁጥር ታያለህ። ሰያፍ መስመሩ ጥርስ ጥርስ ያወጣል፣ ትንንሽ ፊደሎች ጠርዛቸው ይሻክራል፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ ዓይንህ ይደክማል።

ከርቩም አይጠቅምህም። 1500አር ማለት ስክሪኑ የጎበጠው 1500 ሚሊሜትር ራዲየስ ባለው ክብ ልክ ነው ማለት ነው። 34 ኢንች አልትራዋይድ (ወደ ጎን በጣም የሰፋ ስክሪን) ላይ ዳርና ዳሩን ወደ ዓይን ስለሚያቀርብ ይረዳል። 27 ኢንች ላይ ከጌጥነት አያልፍም፤ ቀጥ ያለ የግድግዳ መስመር ስትስል ጎበጥ ያለ ይመስልሃል፣ ወንድምህም ከጎንህ ቁጭ ሲል ምስሉን በደንብ አያገኘውም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ፓነሉ እንግባ። በዚህ የዋጋ ደረጃ የምታገኘው ወይ አይፒኤስ ወይ ቪኤ ነው። ቪኤ አንድ ትልቅ ብልጫ አለው፦ ጥቁሩ ጥቁር ነው። ኮንትራስቱ (ነጩ ከጥቁሩ ስንት እጥፍ እንደሚያበራ) አብዛኛውን ጊዜ 3000 ለ1 አካባቢ ሲሆን የአይፒኤስ 1000 ለ1 ገደማ ነው። መብራት አጥፍቶ ፊልም ለሚያይ ሰው ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። ችግሩ ያለው ፒክሰሉ ከጥቁር ወደ ጥቁር ግራጫ ሲቀየር ነው። በርካሽ ቪኤ ላይ ይህ ለውጥ ከ20 ሚሊሰከንድ በላይ ሊፈጅ ይችላል። በ165 ኸርዝ አንዱ ፍሬም (አንዱ ምስል) የሚቆየው 6.06 ሚሊሰከንድ ብቻ ስለሆነ፣ ፒክሰሉ አንዱን ለውጥ ሳይጨርስ ሦስትና አራት ፍሬም ያልፈዋል። ውጤቱ ጨለማ ኮሪደር ውስጥ ዞር ስትል ከግድግዳው ጥግ ጀርባ የሚጎተት ጥቁር ጭራ ነው። በተኩስ ጌም ደግሞ ጠላት የሚደበቀው እዚያው ጥላ ውስጥ ነው።

የደሴ ሰዎች ልብ ሊሉት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ሊኩዊድ ክሪስታል ሲቀዘቅዝ ይወፍራል፤ ሲወፍር መዞሩ ይዘገያል። በክረምት ጠዋት የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ክፍሉ ቀዝቃዛ እያለ የተከፈተ ቪኤ ከወትሮው የባሰ ጭራ ይጎትታል፤ ሃያ ሰላሳ ደቂቃ ሞቆ ሲሠራ ይሻሻላል። ኮምቦልቻ ከደሴ ስለሚሞቅ ይህ እምብዛም አያስጨንቅህም፤ ሸዋ በር ወይም ሆጤ አካባቢ የሚኖርና ይህን የሚያነብ ሰው ግን «ጠዋት ጠዋት ሞኒተሬ ይበላሻል» ብሎ ጥገና ቤት እንዳይሮጥ። አብሽር፣ ብርድ ነው።

«1 ሚሊሰከንድ» የሚለው ጽሑፍ ብዙ ሰው ያታልላል። ሁለት ዓይነት አለካክ አለ። ጂቲጂ የሚባለው ፒክሰሉ ከአንዱ ግራጫ ወደ ሌላው ለመቀየር የሚወስደውን ጊዜ ይለካል፤ ፋብሪካዎች የሚጽፉት ግን ከለውጦቹ ሁሉ ፈጣኑን፣ ያውም ኦቨርድራይቩ (ፒክሰሉን ገፍቶ የሚያፈጥነው ማስተካከያ) መጨረሻ ላይ ተደርጎ ነው። ካርቶንህ ላይ ያለው ኤምፒአርቲ ስለ ፒክሰሉ ፍጥነት ጭራሽ አይናገርም። የጀርባ መብራቱ በየፍሬሙ ብልጭ ጥፍት እያለ እንቅስቃሴውን ጥርት አድርጎ ሲያሳይ የሚገኝ ቁጥር ነው። ያን ሞድ ስትከፍት ስክሪኑ በግልጽ ይደበዝዛል፣ አንዳንድ ሰው ራሱን ያመዋል፣ ብዙ ሞኒተሮች ላይ ደግሞ ፍሪሲንክ አብሮት አይሠራም። ስለዚህ «1 ሚሊሰከንድ ኤምፒአርቲ» ብሎ ጂቲጂውን ያልጻፈ ካርቶን፣ ጂቲጂው የሚያኮራ ስላልሆነ ነው ብለህ ብትገምት ብዙም አትሳሳትም።

ኸርዙን በተመለከተ ገንዘብ የሚያወጣው የትኛው እርምጃ እንደሆነ በሚሊሰከንድ ብታየው ይሻላል። 60 ኸርዝ ላይ አንድ ፍሬም 16.7 ሚሊሰከንድ ይቆያል፤ 144 ላይ 6.9። ወደ 10 ሚሊሰከንድ ቀነሰ ማለት ነው፤ ይህን ማንም ሰው ማውሱን ሲያንቀሳቅስ ያውቀዋል። ከ144 ወደ 165 ስትሄድ የምታተርፈው 0.9፣ ከ165 ወደ 180 ደግሞ 0.5 ሚሊሰከንድ ነው። ሻጩ ለ180ው ብዙ ብር ከጨመረብህ 144ቱን ውሰድና ትርፉን ጥሩ ማውስ ግዛበት። ደግሞም ሞኒተር ፒንግ (ከጌሙ ሰርቨር ጋር ያለውን የኢንተርኔት መዘግየት) አይቀንስም። ኢንተርኔቱ 150 ፒንግ ላይ ከሆነ 240 ኸርዝም ቢሆን መጀመሪያ የምትሞተው አንተ ነህ።

ካርድህ ይህን ኸርዝ ይሞላዋል ወይ? ቫሎራንት በፉል ኤችዲ ያለ ችግር፤ ካውንተር ስትራይክ ደግሞ ግራፊክሱን ዝቅ ካደረግክ 144ን ይነካል። በ1440 ግን ካርዱ በየፍሬሙ የሚሥለው ፒክሰል ከ2,073,600 ወደ 3,686,400 ይወጣል፤ 1.78 እጥፍ መሆኑ ነው። 6 ጊጋ ሜሞሪ ያለው 1660 ሱፐር ቀላል ጌሞችን ይሸከማል፤ በአዳዲሶቹ ከባድ ጌሞች ላይ ግን ይተነፍሳል። «1440 ገዝቼ ጌሙን 1080 ላይ አጫውተዋለሁ» የሚል ሰው ብዙ ነው። ይቻላል፣ ነገር ግን 1080ን ወደ 1440 ለመለጠጥ እያንዳንዱ ፒክሰል በ1.33 መባዛት አለበት፤ ሙሉ ቁጥር ስላልሆነ ምስሉ ትንሽ ይደፈርሳል። ጌም ላይ ትለምደዋለህ፣ ጽሑፍ ላይ አትችለውም። አውቶካዱን በ1440፣ ጌሙን በ1080 አድርገህ ካርድ እስክትቀይር መጠበቅ ግን ጤናማ መንገድ ነው።

ኤችዲአር10 የሚለውን ዝለለው (ኤችዲአር የብርሃኑንና የጨለማውን ልዩነት አስፍቶ የሚያሳይ የምስል ዓይነት ነው)። ትርጉሙ ሞኒተሩ የኤችዲአር ሲግናል ሲላክለት ይቀበላል ማለት ብቻ ነው፤ በደንብ ያሳያል ማለት አይደለም። 250 ወይም 300 ኒት (የስክሪን ብርሃን መለኪያ) ይዞ፣ የጀርባ መብራቱን ቦታ ቦታ ለይቶ ማደብዘዝ የማይችል ስክሪን ላይ ኤችዲአር ስትከፍት ቀለሙ ይገረጣል። የቬሳ (የስክሪን ደረጃዎችን የሚያወጣው ማኅበር) ዲስፕሌይኤችዲአር 400 ማረጋገጫ ያለው እንኳ 400 ኒት ይድረስ እንጂ ያንን ቦታ ለይቶ የማደብዘዝ ችሎታ እንዲኖረው አይገደድም። ዊንዶውስም ላይ ፒኤስ5ም ላይ አጥፋው።

ፍሪሲንክ ግን ቁም ነገር ነው። ካርዱ የሚልከው ፍሬም አንዴ 90፣ አንዴ 130 ሲሆን ሞኒተሩ ራሱን አብሮ ያስተካክላል፤ ምስሉ መሃል ላይ አይቀደድም፣ አይንገጫገጭምም። የኤኤምዲ ስም ቢሆንም ኤንቪዲያ ከጃንዋሪ 2019 ጀምሮ ከጂቲኤክስ 10 ተከታታይ ወዲህ ላሉት ካርዶች ፈቅዶታል፣ ያንተም ይገባል። ቅድመ ሁኔታው በዲስፕሌይፖርት መሰካት ነው። ሱቅ ውስጥ የምትጠይቀው የሚሠራበትን ክልል ነው። «ከ48 እስከ 165» ከሆነ ጥሩ ነው፤ ፍሬሙ ከ48 ቢወርድም እያንዳንዱን ሁለት ጊዜ እያሳየ ክልሉ ውስጥ ያቆየዋል። ርካሽ ቪኤዎች ላይ ፍሬሙ በፍጥነት ሲወጣና ሲወርድ ስክሪኑ ሊርገበገብ ይችላል፤ በተለይ የጌም መጫኛ ገጽ ላይ ይታያል። ይህ ብልሽት አይደለም፤ ዋስትናም አይሸፍነውም።

የወንድምህ ፒኤስ5 የሚገባው በኤችዲኤምአይ ስለሆነ ቁጥሩ የትኛው እንደሆነ ማወቅ አለብህ፤ ካርቶኑ ላይ ባይጻፍም መመሪያው ላይ አለ። ኤችዲኤምአይ 2.0 ከሆነ ፒኤስ5 በ1080 120 ኸርዝ ያወጣል፤ በ1440ም ያወጣል፣ ሶኒ 1440ን በሴፕቴምበር 2022 ስለጨመረ ሶፍትዌሩ ብቻ ይታደስ። ኤችዲኤምአይ 1.4 ከሆነ 120ው ላይታይ ይችላል፣ ኮምፒውተሩንም ቢሆን ከ120 ወይም ከ144 በላይ አያስኬደውም። ፒኤስ5 ላይ ያለው ቪአርአር (እንደ ፍሪሲንክ ኸርዙን ከፍሬሙ ጋር የሚያስተካክለው) ኤችዲኤምአይ 2.1 ስለሚፈልግ፣ በዚህ ደረጃ ሞኒተር ላይ ፍሪሲንክ ስላለ ብቻ ይሠራል ብሎ እንዳይጠብቅ። ድምፅም ይታሰብበት፤ አብዛኞቹ ጌሚንግ ሞኒተሮች ስፒከር የላቸውም። ሄድሴቱን ኮንትሮለሩ ላይ ይሰካ ወይም ከሞኒተሩ የኦዲዮ ቀዳዳ ወደ ስፒከር ገመድ ይወሰድ።

ቀለም ላይ ብዙ አትጨነቅ። «72 በመቶ ኤንቲኤስሲ» ብሎ የጻፈም «99 በመቶ ኤስአርጂቢ» ብሎ የጻፈም በተግባር አንድ ነገር ነው የሚሉህ፤ ሁለቱም ስክሪኑ የሚያሳየውን የቀለም ስፋት ይለካሉ። «45 በመቶ ኤንቲኤስሲ» ካለ ሽሽ። ብርሃኑ 300 ኒት ቢሆን ደስ ይለኛል፤ የኮምቦልቻ ፀሐይ በመስኮት ሲገባ 250 ትንሽ ይሸነፋል። ሞኒተሩን መስኮቱ ከጎንህ እንዲሆን አድርገህ አስቀምጠው፣ ከፊትህም ከኋላህም አይሁን።

ሱቅ ስትሄድ ኤችዲኤምአይ ያለው ላፕቶፕ ተውሰህ ሂድ፤ ሙሉ ነጭ፣ ጥቁር፣ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ የሆኑ አምስት ምስሎች ጫንበት። ካርቶኑ ታሽጎ ቢሆንም ከመክፈልህ በፊት ተከፍቶ ይሰካልህ። በነጩ ላይ ጥቁር ነጥብ፣ በጥቁሩ ላይ የሚያበራ ነጥብ ፈልግ፤ አንድ የሞተ ፒክሰል ብዙ ፋብሪካዎች እንደ ጉድለት ስለማይቆጥሩት ከሱቁ ከወጣህ በኋላ የሚሰማህ የለም። ጥቁሩ ምስል ላይ ሱቁን አጨልመው ጥግ ጥጉን እይ። አይፒኤስ ትንሽ ብርሃን ማፍሰሱ የተለመደ ነው፤ አንዱ ጥግ ብቻ ቢጫ ሆኖ ጎልቶ ከወጣ ግን የሞኒተሩ ጠርዝ ተጫኖታል፣ ሌላ ይምጣልህ። ጭራውን ለማየት ጥቁር ገጽ ላይ ጥቁር ግራጫ ጽሑፍ ክፈትና ቶሎ ቶሎ ወደ ታች ግፋው፤ ፊደሎቹ ከተቀቡ እንዳልኩህ ነው። በመጨረሻ ከጀርባ ስቲከሩ ላይ ያለውን ሞዴል ከካርቶኑ ጋር ፊደል በፊደል አመሳክር። መጨረሻ ላይ ያለች አንዲት ፊደል ስትቀየር ፓነሉ ወይም የኤችዲኤምአዩ ቁጥር አብሮ ሊቀየር ይችላል። ደረሰኙ ላይም ሞዴሉና ሴሪያል ቁጥሩ ይጻፍልህ።

ስላይት ዩዝድ ከሆነ ከፕሌይስቴሽን ቤት የወጣውን ተጠንቀቅ፤ ቀኑን ሙሉ በሙሉ ብርሃን ሲነድ የኖረ ነው። ነጩ ምስል ላይ ዳር ዳሩ ከመሃሉ ቢጫ ከሆነ የጀርባ መብራቱ ደክሟል።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት ስትወርድ ካርቶኑን እንደቆመ ያዘው። አግድም ተኝቶ፣ ያውም ሚኒባስ ላይ ከሌላ ዕቃ በታች ከሆነ፣ አንድ ጉድጓድ ይበቃዋል። በክረምት ከደሴ ብርድ ወደ ኮምቦልቻ ሙቀት ስታስገባው ውስጡ ጤዛ ሊቋጥር ስለሚችል ሁለት ሰዓት ያህል ሳትሰካው ይቆይ። መቆሚያው ከፍና ዝቅ የማይል ከሆነ ግድግዳ ወይም አርም ላይ ልትሰቅለው ትችላለህ፤ ከጀርባው የቬሳ 100 በ100 ቀዳዳ ካለ በአራት ኤም4 ብሎን ይታሰራል። ከመመሪያው የረዘመ ብሎን አትጠቀም፤ ውስጥ ገብቶ ፓነሉን ይጫናል።

የመብራቱ ጉዳይ ከሁሉም ይበልጣል። ሞኒተሩ ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላል፤ ትንሽ መውረድ አይጎዳውም። የሚገድለው መብራቱ ሄዶ ሲመለስ የሚመጣው ከፍታና ኒውትራል ሲበጠስ ወደ 380 የሚጠጋው ቮልት ነው። መብራት ሲሄድ ዲቫይደሩን ንቀል፣ ከተመለሰ በኋላ አምስት ደቂቃ ያህል ጠብቅ። ስታቢላይዘር ከገዛህ 1000 ቪኤ (እዚህ ላይ ፓነሉ ሳይሆን ቮልት-አምፔር፣ የኃይል መለኪያ ነው) ይበቃሃል፦ ሞኒተሩ ከ25 እስከ 45 ዋት፣ ኮምፒውተርህ ጌም ላይ 300 ዋት ገደማ፣ ፒኤስ5 200 ገደማ ይወስዳሉ። 650 ቪኤ ዩፒኤስ ኮምፒውተሩንና ሞኒተሩን ለጥቂት ደቂቃ ይይዛል፤ ፒኤስ5ን አብረህ ከሰካህበት ግን ጮኾ ይጠፋል። ሁለት ሞኒተር ከአማረጥክ ፓወሩ በውጪ አዳፕተር የሆነውን ምረጥ። ከተቃጠለ አዳፕተሩን ደሴም ኮምቦልቻም ታገኘዋለህ፤ ቮልቱ በትክክል ያው፣ አምፔሩ እኩል ወይም የበለጠ፣ የፕላስና የማይነሱ አቀማመጥም የተመሳሰለ ይሁን። 12 ቮልቱን ሞኒተር በ19 አዳፕተር የሰካ ሰው ቦርዱን ይሰናበታል።

ቤት ስትሰካው ዊንዶውስ አብዛኛውን ጊዜ 60 ኸርዝ ላይ ነው የሚተወው። ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ዲስፕሌይ፣ አድቫንስድ ዲስፕሌይ ገብተህ ትልቁን ቁጥር ምረጥ፤ ይህን ሳያደርጉ ለወራት የሚጫወቱ ብዙ ናቸው። ገመዱ የሚሰካው ካርዱ ላይ ነው፣ ማዘርቦርዱ ላይ አይደለም። ከዚያ ኤንቪዲያ ኮንትሮል ፓነል ውስጥ ጂሲንክን (የፍሪሲንክ የኤንቪዲያ ስሙ) አብራ፣ ቪሲንክን (ምስሉ እንዳይቀደድ ፍሬሙን ከስክሪኑ ጋር የሚያገጣጥመውን) እዚያው ኦን አድርግ፣ ጌሙ ውስጥ አጥፋው፣ የፍሬም ገደቡን ደግሞ ከኸርዙ ጥቂት ዝቅ አድርግ፤ ለ165 ሞኒተር 160 ይሁን። በኤችዲኤምአይ ሰክተህ ጥቁሩ ግራጫ ከመሰለህ «አውትፑት ዳይናሚክ ሬንጅ» የሚለው ሊሚትድ ላይ ስለሆነ ነው፣ ፉል አድርገው። የሞኒተሩን ኦቨርድራይቭ መሃለኛው ላይ ተወው፤ መጨረሻው ላይ ስታደርገው ከጭራ ፋንታ ነጣ ያለ ጥላ ከዕቃው ጋር ይሮጣል። ቴስትዩፎ ድረ ገጽ ላይ ደረጃዎቹን እየቀያየርክ ብታይ በሁለት ደቂቃ የሚስማማህን ታገኛለህ።

ስክሪኑ ለአንድ ሰከንድ ጥቁር እያለ ከተመለሰ ፓነሉን ከመጠርጠርህ በፊት የዲስፕሌይፖርት ገመዱን ቀይር፤ ከ2 ሜትር ያልበለጠ ይሁን። ኮምፒውተሩ ጠፍቶም ሞኒተሩ እንግዳ ባሕርይ ካሳየ፣ ወይም ገመዱ ተሰክቶ እያለ ኮምፒውተሩ አልነሳ ካለ፣ ርካሽ ገመድ 20ኛውን ፒን አገናኝቶት ከአንዱ ዕቃ ወደ ሌላው ኤሌክትሪክ እያሾለከ ሊሆን ይችላል፤ በደረጃው የተሠራ ገመድ ያንን ፒን ባዶ ነው የሚተወው።